ኦሪጅናል የሚሸጥበት ሐኪም ቤት

ሐኪም ቤት ውስጥ «ኦሪጅናል ነው፣ ግቡ፣ ግቡ!» ብሎ የሚጮህ ሰው የለም። ይህ ትዝ ያላት ግን ልጇ ከተቀበረ በኋላ፣ ለለቀስተኞች ሻይ ይዛ ሳሎኑ መሐል እንደቆመች ነው።

«እታለም፣ ሻዩ እየፈሰሰ ነው» አለች ታናሽ እህቷ፣ ትሪውን እየተቀበለቻት። «ምን ሆንሽ?»

«ምንም።»

ልጇ ለምርመራ ወደ ትልቁ ከተማ የሄደ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ደውላለት ነበር። «ወረፋ ላይ ነኝ፣ እማ» አላት ልጇ። ከኋላው ሙዚቃ፣ ግርግር፣ የዚያ «ኦሪጅናል» የሚለው ሰውዬ ጩኸት። «የምን ጫጫታ ነው?» ስትለው «ትልቅ ከተማ አይደል፣ በሽተኛውም ብዙ ነው» ብሎ ሳቀ። እሷም አመነች። የሰው ልብስ ልትሰፋ ስትቀበል እንኳ ኪሱን ሁለቴ የምትፈትሽ ሴት፣ የልጇን ሳቅ ሰምታ አመነች።

ዐይኗ ወደ በሩ ሄደ። በሩ አጠገብ የልጇ ጓደኛ ተቀምጧል። ኪሱ ብሎን ስለማያጣ ሰፈሩ ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው። ከልጇ ጋር ወደ ትልቁ ከተማ የሄደው እሱ ነው። ሲመለሱ፣ መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ የተቀመጠው ልጇ በዚያው ሳይነሣ ሲቀር አጠገቡ የነበረውም እሱ ነው። ስልኩን አምጥቷል። ጃኬቱን አምጥቷል። የጀርባ ቦርሳውን ግን አላመጣም።

«ያንን ልጅ ልብ ብለሽዋል?» አለች ጎረቤቷ ባለሱቋ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ትናንት የበርሽን መቀርቀሪያ ሲለካ አይቼዋለሁ።»

«ሲለካ?»

«በጣቱ! ሊያስተዛዝን መጥቶ በር የሚለካ ምን ዓይነት ሰው ነው? ያውም አንቺ መቀርቀር ከተውሽ ወዲህ።»

እውነቷን ነው። ድሮ ሌሊቱን ሙሉ ከበሩ ጋር ነበር ጉዳይዋ። ትቀረቅራለች፣ ትተኛለች፣ «ቀርቅሬዋለሁ ወይስ መስሎኝ ነው?» ብላ ትነሣለች፣ ትነካካዋለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትነሣለች። ልጇ ከአልጋው ሆኖ «እማ፣ በሩም እኮ እንቅልፍ ያስፈልገዋል!» ይላታል። አሁን ግን መቀርቀሪያውን ልትነካ አልቻለችም። ማታ መጨረሻ የሚገባው ሁልጊዜ ልጇ ነበር። እህቷ ልትቀረቅር ስትነሣ «ተይው» ትላታለች፤ ከዚያ ሌባ ይገባል ብላ እየሠጋች ዐይኗ ሳይከደን ይነጋል።

የልጇ ልብ ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። «ሩጫ የለም፣ ደረጃ የለም» ብሏት ነበር ሐኪሙ። የሄደ ዕለት ጧት ቦርሳውን በአንድ እጇ ይዛ አልለቀውም ብላ ነበር።

«ደረጃ እንዳትወጣ። ውሃ ጠጣ። ከማታውቀው ሰው ጋር እንዳታወራ።»

«ምርመራ ነው የምሄደው፣ እማ፣ ጦር ሜዳ አይደለም።»

የቦርሳው ማንገቻ ተበጥሶ ጥቁር ክር ስላለቀባት በነጭ ሰፍታለት ነበር። «ልፍታውና በጥቁር ልድገመው» ስትለው «ተዪው፣ ከሰው ቦርሳ እለይበታለሁ» ብሏት ወጣ።

አመሻሽ ላይ ሰዉ እየተመናመነ ሄደ። ከጓዳ ስትመለስ ብሎን በሩ ሥር በርከክ ብሎ አውራ ጣቱን መቀርቀሪያው ላይ አድርጓል።

«ምን ትሠራለህ?»

ብድግ ሲል ጭንቅላቱ ከእጀታው ጋር ተጋጨ።

«ምንም፣ እትዬ።»

«ቦርሳው የታለ?»

ብሎን በበሩ በኩል ውጭ ወዳቆመው ብስክሌት ተመለከተ።

«ሐኪም ቤት አልሄዳችሁም። ‹ኦሪጅናል› የሚሸጥበት ሐኪም ቤት የትም የለም። ልጄን የት ወስደህ ነው የገደልክብኝ?»

«እታለም!» አለች እህቷ።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወደ ውጭ ወጣ። ሸሸ ብላ ስታስብ ከብስክሌቱ ላይ ጥቁር ቦርሳ ይዞ ተመለሰ። ነጩ ክር ማንገቻው ላይ አለ።

«በየቀኑ ይዤው እመጣለሁ፣ ይዤው መግባት ግን ያቅተኛል» አለ። «ገበያ ነው የሄድነው፣ እትዬ። የኤሌክትሮኒክስ ገበያ። መጀመሪያ የጨዋታ ዕቃ የሚሸጡበት ገባን። ክንፍ ያላቸው አሻንጉሊት ዘንዶዎች የተደረደሩበት መስታወት ፊት ተገትሮ አልነቀልም አለ። ስንቱ አምሮ የተቀባ እያለ ክንፉ የተሰበረውን ገዛ። ‹ይኼን ማንም አይወስደውም› ብሎ።»

ትንሿን ዘንዶ ጠረጴዛው ላይ አቆማት።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ የሚሸጠው ሰውዬ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ አይሠራም።»

«አወጣኸው!»

«‹ታች ጠብቀኝ፣ እኔ ልግዛው› አልኩት። ‹አንተ መስማት አታውቅም› አለኝ። በየፎቁ እየተቀመጠ ወጣ።» ብሎን ከቦርሳው ከክብሪት እንጨት የቀጠነች የመስታወት ቱቦ አወጣ። «ማብሪያዋ ይቺ ናት። ማግኔት ሲጠጋት ውስጧ ቀጭ ትላለች። አንድ በአንድ ጆሮው ላይ እያደረገ፣ ማግኔት እያስጠጋ ያዳምጣል። ሙሉ ሳጥን! ሰውዬው ተናደደና ‹ሐኪም ነህ እንዴ?› አለው። ‹እናቴን ሐኪም ቤት ነኝ ብያታለሁ፤ ውሸት እንዳይሆንብኝ እየመረመርኩ ነው› አላለውም!»

እህቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን በሻሿ ያዘች።

እናትየዋ አልሳቀችም። «ለምንድን ነው ግን?»

«ለበሩ ነዋ» አለ ብሎን። «ሲቀረቅሩት አልጋዎ አጠገብ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ከተከፈተ ይጠፋል። ተነሥተው ማየት አይኖርብዎትም። ‹እማ አንድ ሌሊት እንኳ ሳትነሣ ትደር› ነበር የሚለው። እኔ... ሳልጨርስለት ምን ይዤ ልምጣ?»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። አራት ፎቅ። ይህን ሁሉ ቀን ጥፋተኛ ስትፈልግ ነበር፤ አሁን ደረጃውን በሐሳቧ ከልጇ ኋላ ስትወጣው፣ ጫፉ ላይ የጠበቃት የራሷ አልጋ፣ የራሷ እንቅልፍ ማጣት ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ቱቦዋን ከብሎን እጅ ተቀበለችና ወደ መብራቱ አስጠግታ አገላብጣ አየቻት።

«ኦሪጅናል ነው?» አለች።

ብሎን ዐይኑ እንባ ሞላ። «ኦሪጅናል ነው፣ እትዬ። ሰምቶታል።»

«እንግዲያው ሥራው።»

ሽቦውን በግድግዳው ጥግ ወደ መኝታ ቤቷ ሲስብ የእጅ ባትሪ ያዘችለት። «በደንብ አጥብቀው። እዚያ ጋ ላልቷል። አይ፣ እዚያ ጋ» እያለች መድረሻ አሳጣችው። ጨርሶ ሲነሣ መሽቷል።

«በዋናው መንገድ ሂድ» አለችው። «መንገድ ላይ እንዳትቆም። ስትገባ ደውል።»

«እሺ፣ እትዬ።»

ስልኳን ጨብጣ በሩ ሥር ቆማ ጠበቀች። እህቷ ዘንዶዋን ይዛ መኝታ ቤት ገብታ መብራቱ አጠገብ አስቀመጠቻት።

ስልኩ ጠራ። «ገባሁ፣ እትዬ።»

«ጎሽ» አለችና ዘጋችው። ሌላ እንዲገባ የምትጠብቀው ሰው አልነበረም። መቀርቀሪያውን በዝግታ ገፋችው። ቀጭ አለ።

«በራ!» አለች እህቷ ከውስጥ።

እጇ እንደ ልማዱ ደግሞ ሊሞክረው ሄደ፤ ሳይደርስ ተመለሰ።