የረቡዕ ጓድ

የማሰለጥነው ጓድ በእንቅስቃሴ አይታማም። ዘጠኙ ልጆች ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ውስጥ ተራርቀው ይሄዳሉ፤ ግማሹ ሲሮጥ ግማሹ ተኝቶ ሽፋን ይሰጣል፤ በእጅ ምልክት ብቻ ይግባባሉ። የደረቀውን ቅጠል ሳያንኮሻኩሹ መርገጥ ለምደዋል። ችግሩ ሲቆሙ ነው። ችግሩ ኮቾሮ ነው።

ደንቡ ቀላል ነው። እረፍት ላይ ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ይጠብቃል። እነዚህ ግን ጓደኛቸው ሳይበላ አይወርድላቸውም። ለየራሳቸው የታደላቸውን ኮቾሮ፣ ያንን ደረቅ ዳቦ፣ አንድ ጃኬት ላይ ይዘረግፉና ጠባቂዎቹን ይጠራሉ። ጠላት ሆና የምትጫወተው ሃምሳ አለቃ በለጡ ዘና ብላ ትመጣና ከራሳቸው በላይ ፊሽካዋን ትነፋለች።

“ሞታችኋል፣ ዘጠኛችሁም።”

“ከሞትን አይቀር ይቅመሱልን፣ ሃምሳ አለቃ” አላት አንድ ቀን በርናባስ የሚባለው። ቀመሰች። እሷንም መቅጣት ነበረብኝ።

ፈተናውን ያለፈች ጓድ በማግስቱ ወደ ግንባር ትሄዳለች፤ የወደቀች ተጨማሪ ሁለት ሳምንት ታገኛለች። እኔ የምፈልገው ያን ሁለት ሳምንት ነበር። በአንድ ጃኬት ዙሪያ የተሰበሰቡ ዘጠኝ ሰዎች የአንድ ሞርታር ሲሳይ ናቸው። ተናገርኩ፣ ዳገት አስሮጥኩ፣ አራርቄ አስቀመጥኩ። ከዳገቱ መልስ የባሰ ይርባቸዋል፣ የባሰ ይሰበሰባሉ።

“ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል፣ መቶ አለቃ” አለኝ የጓዱ መሪ አስር አለቃ ዋቅጅራ።

“አብሮ የበላስ?”

“እሱማ ቢያንስ አብሮ ነው።”

ረቡዕና ዓርብ ግን ሌሎች ሰዎች ናቸው። በርናባስና አራቱ ኦርቶዶክሶች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ዋቅጅራና ሦስቱ ጴንጤዎች አይጾሙም። የሚጾምን ሰው ብላ ማለት ነውር ስለሆነ ማንም ማንንም አይጠራም። ጾመኞቹ የምግቡ ሽታ እንዳይደርሳቸው ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የበሉት ተነስተው ቦታ ይለውጧቸዋል። በመጽሐፍ የተሳለ ጥበቃ ነው። በእነዚህ ቀናት በለጡ አንድም ጊዜ አልቀረበቻቸውም።

ሻለቃ ፀሐዬ ሊፈትኑ የመጡት ረቡዕ ነው።

ሲንቀሳቀሱ አይተው ሁለት ጊዜ እረፍት አስደረጓቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ በለጡን ላኩባቸው። ሁለቱንም ጊዜ ከሩቅ አይተው በዝምታ ከበቧት። ሻለቃው አጨበጨቡ።

“ያለፉት በጾሙ ነው” አልኳቸው።

“በምኑ?”

አስረዳኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

“አንቺ ዩኒቨርሲቲ የገባሽው ለጂኦግራፊ ነው ወይስ ለሥነ መለኮት?”

“ነገ ሐሙስ ነው። ነገ ይዩአቸው፣ ሻለቃ።”

“ነገ መኪናው ይመጣል።”

“አልደረሱም። የማሰለጥናቸው እኔ ነኝ።”

“ያየኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ። በዓይኔ ያየሁትን ወድቋል ልበል?” ሳቃቸው ቆመ። “እዚያ ያሉት ልጆች ስምንት ወር ሙሉ የሚቀይራቸው ጠፍቷል። ግማሾቹ ታመዋል። ለእነሱ ምን ልበላቸው? ሐሙስን ጠብቁ?”

 

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹን ወደ ሸንተረሩ መለስኳቸው። ከታች እስከ መሪ ሰፈር ድረስ ኮንዶሚኒየሞቹ ይታያሉ፤ አንዱ ውስጥ እናቴ ትኖራለች። ጾሙ ተፈትቷል፣ ሁሉም ርቧቸዋል። ኮቾሮ አደልኩና ጥበቃ እንዲመድቡ አዘዝኩ።

ሞከሩ። እውነት ለመናገር ከልባቸው ሞከሩ። በርናባስ አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ከቶ ሳያኝክ ጉንጩ ላይ ይዞ ቆየ። ጠባቂዎቹን ያያል፣ መሬት ያያል። ጥቂት ቆይቶ ዋቅጅራ ራሱ ተነሳ፤ ዳቦውን ቆርሶ ወደ ጠባቂዎቹ ወሰደ። አንዱ ጠባቂ ሊቀበለው ዞረ። ሌላው ዞረ። በለጡ ከአስር እርምጃ ላይ ፊሽካዋን አፏ ላይ አድርጋ አየችኝ። ንፊ ብዬ ምልክት ሰጠሁ። ሳትነፋ አወረደችው።

ዋቅጅራን ለብቻው ጠራሁት።

“ዛሬ ያለፋችሁት ረቡዕ ስለሆነ ነው። ገብቶሃል?”

“ገብቶኛል። እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ሳምንቱ በሙሉ ረቡዕ አይደለም፣ ዋቅጅራ።”

“እዚያ የሚበላ ከየት ይመጣል፣ መቶ አለቃ? ሰባቱንም ቀን እንጾማለን።”

ልጆቹ ሰምተው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንዳይሰበሰቡ ነገርኳቸው። “እሺ” አሉ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ሐሙስ ጠዋት መኪናው በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ይዟቸው ወረደ። ወደ ሲግናል እስኪታጠፍ እንኳ አልቆምኩም፤ የምረከበው ዕቃ ነበረኝ።

ከሰዓት በኋላ ሻለቃው ደወሉ።

“ሰኞ አዲስ ጓድ ትረከቢያለሽ። ሥራሽ ተወርቷል። እነዚያን በአምስት ሳምንት እንደዚያ ካወጣሽ፣ እነዚህን በሁለት ጨርሺያቸው።”

“ሁለት ሳምንት ለምንም አይበቃም።”

“በዓይኔ አይቼ የለ?”

ስልኩ ተዘጋ። በሁለት ሳምንት ማስተማር የሚቻለው ወይ መንቀሳቀስን ነው ወይ መቆምን። መንቀሳቀሱን መረጥኩ፤ እሱ ፈተናው ላይ ይታያል፣ መቆሙን ረቡዕ ይሸፍነዋል።