ፎቶ የሌለው በር

በቡታጅራ ብየዳ ቤቶች ፎቶ ሳይዝ በር የሚያዝ ሰው የለም። ደንበኛው ስልኩን ያወጣል፣ አንበሳ ወይ ጣዎስ ያሳያል፣ «ልክ እንደዚህ» ይላል። ሙንታሲር ስምንት ዓመት ሙሉ «ልክ እንደዚህ» ሲበይድ ኖሮ አንበሳ ማየት አንገሽግሾታል። አንድ ቀን እንኳ የራሴ የሚለው በር ከእጁ ቢወጣ ምን ነበረበት!

ዘንድሮ ለአረፋ አገር ቤት የሚገቡት የመርካቶው ነጋዴ ሐጂ ጀማሉ የግቢ በር ሲያዙት ቸኩለው ስለነበር «እንደመሰለህ አሳምረህ ሥራው» ብለውት ሄዱ። ደስታው ግን ግማሽ ቀን አልቆየም። እርሳስ ባነሳ ቁጥር የሚወጣው የሰው ሥራ ነው። ወረቀቱን ጨምድዶ ይጥላል፣ እጁን ይረግማል። «እኔ የምወደው ነገር የለም እንዴ?» እያለ ሦስት ቀን ተብከነከነ።

በአራተኛው ቀን በንዴት የሚጠላውን ሁሉ ከሥዕሉ ላይ ሰረዘ። አንበሳው ሄደ፣ የወይን ዘለላው ሄደ፣ ወርቅ ቅቡ ጦር ሄደ። ከታች ተጠጋግተው ወደ ላይ እየተራራቁ የሚወጡ ቀጫጭን ብረቶች ብቻ ቀሩ። ለካ እሱ የሚወደው ክፍተቱን ኖሯል! በይዶ፣ ጥቁር ቀብቶ፣ ከጀርባው ሸራ ወጥሮ ፎቶ አነሳው።

ሐጂ መጥተው ሲያዩት ፊታቸው ተኮማተረ። «ይኼ ደግሞ የት አገር ነው ያለው?»

«ቱርክ» አለ ሙንታሲር ደንግጦ።

«እስቲ ፎቶውን።»

መውጫ ቢያጣ ያንኑ ያነሳውን አሳያቸው። ሐጂ ስልኩን አስጠጉ፣ አራቁ።

«አየህ የነሱን? ጥንቅቅ ያለ! ያንተ ይንሻፈፋል። ልክ እንደዚህ አድርገው።»

ሙንታሲር ደሙ ፈላ። በማግስቱ አንዲት ብረት ሳይነካ ጠበቃቸው።

«አሁን ገና መሰለ!» አሉ ሐጂ።

ከዚህ በላይ አልቻለም። «ሐጂ፣ ምንም አልነካሁትም! ፎቶውም የዚሁ በር ነው። ቱርክ ያልኩዎት ዋሽቼ ነው። የኔ ነው፣ እኔው ነኝ ያሰብኩት!»

ሐጂ ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ከዚያ ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ቀነሱ።

«በሩ ያምራል፣ ወላሂ ያምራል። ግን ይኼን ለማንም እንዳትተነፍስ። ለወንድሞቼ የቱርክ ነው ብዬ ትናንት ደውያለሁ።»

ሙንታሲር ስምንት ዓመት የተመኘውን በር፣ የኔ ነው እንዳይል ተከልክሎ፣ በገዛ እጁ ሐጂ ባመጡት አይሱዙ ላይ ጫነው።