አንድ ዓይነት ፀጉር

«እዚሁ ትማራለች፤ አለቀ» አለ አጎትየው ሻዩን እያማሰለ።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ተስማምቶ ራሱን ነቀነቀ። አባቷ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ የኮሌጅ መምረጫው ጊዜ ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያበቃል። ለነርስነት ሁለት ኮሌጆች ተቀብለዋታል። አንደኛው ከቤታቸው ሁለት ፌርማታ ነው፤ የሰፈር ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ አብሯት የተማረ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ሌላው የአንድ ቀን መንገድ ይርቃል፤ ተማሪው ከየአገሩ የተሰበሰበ ነው። አባት የሌላት ልጅ ሰው በማታውቅበት ምን ልትሆን ነው ይላል አጎትየው። እናትየው ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ልጅቷ ያለ እሷ ፈቃድ ንቅንቅ እንደማትል ግን ሁሉም ያውቃል።

ልጅቷን የሚያንገበግባት ሌላ ነው። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቅርቡን ኮሌጅ ሊያዩ የሄዱ ቀን፣ ሌላው ወላጅ ቤተ መጻሕፍቱንና ላቦራቶሪውን ሲጎበኝ፣ እሱ በሩ ላይ ተገትሮ የወጪ ገቢውን ፀጉር ሲያይ ዋለ። እሷ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ «ሁሉም አንድ ዓይነት ፀጉር ነው፤ እስቲ ደግመሽ አስቢበት» አላት።

«አንተ ስለ ፀጉር እንጂ ስለ ትምህርት ምን ታውቃለህ?» አለችው።

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳምንት ሳይሞላ ሱቁ ውስጥ እንደቆመ ልቡ ቀጥ አለች። ይቅርታ ሳትጠይቀው ቀረች። አይ ምላስ!

እኩለ ቀን ላይ የሰፈሩ ሰዓት ሠሪ ሽማግሌ ገቡ። ከሩቅ አገር መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ ሉጫ ፀጉራቸው ግንባራቸው ላይ የሚወድቅ ሰው ናቸው። ከልጅቷ አጠገብ ተቀምጠው፣ አባትሽ ሱቅ የከፈተ ሰሞን ጉድ ሠርቶኛል ብለው ጀመሩ። ሙያውን በተማረበት ቤት ተማሪውም፣ ለመለማመጃ የሚቀመጠውም የአንድ ሰፈር ሰው፣ ፀጉሩም ያው ከርዳዳ ነበር። አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ። በዚያው በለመደ እጁ የእሳቸውን ሉጫ ፀጉር ሲቆርጥ ከፍ ዝቅ ያለ ደረጃ ሠርቶበት አረፈው። ወር ሙሉ ባርኔጣ ሳያወልቁ ከረሙ። ለቀስተኛው አፉን ይዞ ሳቀ፤ እናትየውንም ሳቅ አመለጣት።

«ከዚያ ሱቄ ድረስ መጣ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «'ያስተማሩኝ ሰዎች አልዋሹኝም፤ ሁላችንም አንድ ስለሆንን የጎደለንን የሚነግረን አጣን እንጂ። እንደገና ልማርብዎት' አለኝ። ይኸው ሃያ ዓመት ተማረብኝ።»

 ልጅቷ አባቷ ስለ ፀጉር ብቻ የሚያወራ መስሏት ነበር፤ ምነው እንዲህ ብሎ በነገራት! አፉን የዘጋችው ግን ራሷ ናት።

አጎትየው ኮሌጅ ፀጉር ቤት አይደለም ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፤ ቅርቡ ኮሌጅ ክፉ አይደለም፣ ብታለቅስ እንኳ ሁሉም ስለሚያውቃት ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋትም። ልጅቷ ስልኳን ይዛ እናቷ አጠገብ ሄደች።

«እማ፣ ፈርቻለሁ» አለቻት። «ግን የማክመው የሰፈራችንን ሰው ብቻ አይደለም። ልሂድ?»

እናትየው ጠጋ ብላ ስልኩን አብራት ማየት ጀመረች። ልጅቷ ሩቁን ኮሌጅ መረጠች። ፎርሙ ችግር ቢገጥማት የሚደወልበትን የቤተሰብ ቁጥር ጠየቀ። ጣቷ ሳታስበው የአባቷን ቁጥር ጻፈና ደርቆ ቀረ።

እናትየው ስልኩን ተቀበለቻት። ቁጥሩን ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ አጠፋች፤ ከዚያ ቀስ ብላ የራሷን ጻፈች።