ኢሳይያስ የደበቀው መልስ

ኢሳይያስ ወላይታ ሶዶ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የወጣቶችን የእምነት ጥያቄዎች ይመልስ ነበር። ፕሮግራሙን የጀመረው እሱ ነው። ሳይንስ እግዚአብሔርን ሽሮታል ወይ፣ መጽሐፍ ቅዱስስ ይታመናል ወይ ብሎ የሚከራከር ሁሉ «ጋሽ ኢሳይያስ ጋ ሂድ» ይባል ነበር። ሶልያና የምትባል ወጣት የሥነ መለኮት ትምህርቷን አዲስ አበባ ጨርሳ እስክትመጣ ድረስ ማለት ነው።

መጀመሪያ ረዳቱ ሆነች። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎቹ «ልጆቹ ወደዋታል፤ አንተም ትንሽ እረፍ» ብለው መድረኩን ለእሷ ሰጡ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ማዳመጥ ጀመረ። ኢሳይያስ ከፊት ተቀምጦ በየመሃሉ «አሜን» ይላል፤ ውስጡ ግን ይቃጠላል። በወላይትኛ ጣል የምታደርጋት ቀልድ፣ ጠያቂውን በስሙ መጥራቷ፣ ሁሉ ነገሯ ያናድደዋል። የባሰው ደግሞ መልሶቿ ትክክል መሆናቸው ነው። ሚስቱ እራት ላይ «ልጅቷ እኮ ጎበዝ ናት» ብትለው ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ።

በዚህ መሃል ዳና የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መንገድ ላይ አገኘው። ዳና እዚያው ወላይታ ውስጥ ያለችው የጉኑኖ ልጅ ነው። እምነቱን ከተወ ቆይቷል፤ ጥያቄው ግን አላስቀመጠውም።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ክፋት እያለ ደግ ፈጣሪ አለ የሚባለው አልገባኝም» አለው።

ድሮ ቢሆን ሻይ ቤት አስገብቶ እስኪመሽ ያወያየው ነበር። አሁን ግን ሌላ ሐሳብ መጣለት።

«ቅዳሜ ሶልያናን ጠይቃት። ክፉ ካልክ የክፉና የደግ መለኪያ አለ ማለት ነው፣ መለኪያውን ያኖረው ደግሞ ፈጣሪ ነው ትልሃለች። ያኔ ‹ሰዎች ተስማምተው ያወጡት ቢሆንስ?› በላት።»

«ለሱ መልስ የለውም?»

«እስቲ ምን እንደምትል ስማት» ብሎ ተለየው።

ቅዳሜ ልክ እሱ እንዳሰበው ሆነ። ዳና ጠየቀ፤ ሶልያና መለሰች፤ ዳና ሁለተኛውን ጥያቄ ወረወረ። ሶልያና አንድ ጥቅስ ጀምራ ተወችው፤ ሌላ ጀመረች፤ ተደናገረች። ከኋላ የሳቁ ነበሩ። የኢሳይያስ ልብ በደስታ ዘለለ። መልሱን ያውቀዋል። «አሁን ይጠሩኛል» እያለ ጠበቀ። የጠራው የለም። ዳና ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

ያኔ ነው ኢሳይያስ የደነገጠው። ዕድሜውን ሙሉ የተሟገተለት እምነት በሰው ፊት ሲሸነፍ ደስ ብሎት ነበር። ተነሥቶ ልጁን ተከተለው። በር ላይ ደረሰበት።

«እውነትም መልስ የለውም» አለ ዳና።

«አለው እንጂ! አያቶቻችን ሸክላ ሠሪ ከኛ ጋር አይበላም፣ አይጋባም ብለው ተስማምተው ነበር። አገር ስለተስማማ ልክ ሆነ? ልክ ካልሆነ ከአገር ስምምነት በላይ የሆነ መለኪያ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጠረ የሚለው ለዚህ ነው።»

የዳና ፊት ተለወጠ።

«እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄን እያወቁ ነው እዚያ ዝም ያሉት?»

«አዎ» አለ ኢሳይያስ።

«ለምን?»

«በሶልያና ቀንቼ።»

ዳና ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ።

ኢሳይያስ ወደ አዳራሹ ተመልሶ ለሶልያና ሁሉንም ነግሮ ይቅርታ ጠየቃት። የማይክራፎኑን ገመድ እየጠቀለለች ነበር፤ አቆመች።

«እኔ ስላላወቅሁ ነው ያልመለስኩት። እርስዎ ግን እያወቁ ልጁን ሸኙት» አለችው። እንባዋ መጣ። ይቅርታውን ተቀብያለሁ አላለችም።

በሳምንቱ ኢሳይያስ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ድረስ ሄዶ ዳናን ወደ አዳራሹ እንዲመለስ ለመነው። ዳናም «እመጣለሁ፤ ከእርስዎ አፍ ግን አልሰማም። እሷ ትናገር» አለ። ስለዚህ ኢሳይያስ የሚመካበትን መልስ፣ በመድረክ ቢናገረው ብዙ ጭብጨባ የሚያገኝበትን መልስ፣ ቁጭ ብሎ ለሶልያና አስረዳት። በእያንዳንዱ ቃል ውስጡ ይንገበገብ ነበር።

ቅዳሜ እሷ መድረኩ ላይ ከእሱ ይልቅ አሳምራ ተናገረችው።

«አያቶቻችን ብቻ አይደሉም» አለች። «እኛም ዛሬ በልጆቻችን ጋብቻ ላይ ዘር እንጠይቃለን።»

ዳና ከኋላ ተነሣ። «ታዲያ መጽሐፉን እያነበባችሁ እናቴን ለምን ራቃችኋት?»

ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

«ኃጢአታችን ነው ያራቀን» አለች ሶልያና። «ሌላ ስም የለውም። መጽሐፉ መጀመሪያ የሚከሰው እኛኑ ነው። ክርስቶስ የሞተውም እንዲህ ላሉ ሰዎች ነው፤ ለኛ።»

ዳና ተቀመጠ። አመንኩ አላለም። ሰው ሲበተን ግን አልወጣም፤ ወንበሩን ወደ ሶልያና አስጠግቶ ሌላ ጥያቄ ጀመረ።

ኢሳይያስ ከበሩ አጠገብ ሆኖ አያቸው። ያ የድሮ ቃጠሎ አሁንም ደረቱ ውስጥ ነበር። ሊጠጋቸው ፈለገ፤ ከዚያ ተወውና ልጁ እንዳይረበሽ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶላቸው ወጣ።