ፉልሄንሲዮን ላመጣ የሄድኩ ለት

ባሌ ፉልሄንሲዮ ኡክ ግንበኛ ነበር። የጥንት ሰዎች ሠርተውት የፈረሰውን ሕንፃ መልሶ የሚክብ ግንበኛ። ከእንጨት መወጣጫው ወድቆ ሞተ። ሬሳውን አመጡልኝ፣ ቀበርነው። አላለቀስኩም። እህቱ ፕሩደንሲያ፣ «አንቺ ልብሽም ድንጋይ ነው» አለችኝ።

«ወንድምሽ ታዲያ ድንጋይ ያውቅበት ነበር» አልኳት።

በኛ አገር ሰው ከቤቱ ርቆ በድንገት ከሞተ ነፍሱ እዚያው ትቀራለች። ከቤተሰቡ አንዱ ሄዶ በስሙ ጠርቶ፣ ከሞተበት ቦታ ጠጠር ይዞ ይመልሳታል። ልጆቼን ስምንት ወር ጠበቅኳቸው። ሥራ አለን አሉ። ከኦሽኩትዝካብ ብቻዬን ተነስቼ ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ሻንጣዋ እሷኑ የሚያክል የውጭ አገር ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ካርታዋን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ በተሰባበረ ቋንቋ፣ «እርስዎም ፍርስራሹን ሊያዩ ነው?» አለችኝ።

«ባሌን ላመጣ ነው።»

«እዚያ ነው የሚሠራው?»

«አዎ።»

«ጥሩ ነው» አለች። እኔም ጥሩ ነው አልኩ።

ስደርስ የፍርስራሹ ዘበኛ ጋስፓር ካዊች ባሌን ያውቀው ስለነበር የወደቀበት ግድግዳ ድረስ ወሰደኝ። ግንበኞቹ የድሮውና የአሁኑ ሥራ እንዳይምታታ፣ መጋጠሚያው ላይ ትንንሽ ፍንካች ድንጋይ ኖራው ውስጥ በመስመር ይሰካሉ። ከመስመሩ በታች የጥንት ሰዎች እጅ ነው። ከመስመሩ በላይ የፉልሄንሲዮ።

«ፉልሄንሲዮ፣ ተነስ፣ ቤትህ እንሂድ» ብዬ ሦስቴ ጠራሁት። ምንም አልተሰማኝም። ፀሐዩ ይፋጃል፣ አንድ እንሽላሊት አየችኝና ሄደች። ቢላዬን አውጥቼ ከመስመሩ አንዷን ጠጠር መፈልቀቅ ጀመርኩ።

«ኧረ እመቤቴ፣ ዶኛ ኒኮላሳ! ከዚህ ጠጠር ማውጣት ክልክል ነው! የአባቶቻችን ቅርስ እኮ ነው!» አለ ጋስፓር።

«አባቶችህ ከመስመሩ በታች ናቸው፣ እነሱን አልነካሁም። ይቺን ጠርቦ የሰካት ባሌ ነው።»

«አለቃዬ ምን ይለኛል? መስመሩ ይጎድላላ!»

«እንግዲያው አለቃህ ይምጣና እሱ ይጥራው።»

ጋስፓር ራሱን አከከ። «ዶን ፉልሄንሲዮ እውነቱን ነበር» አለ።

«ምን አለ?»

«ከሷ ጋር ከመከራከር ድንጋይ መሸከም ይሻላል ይል ነበር።»

ከዚያ እንዳላየ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረልኝ። ጠጠሯን አወጣሁ።

ነፍስ መንገድ አታውቅም። ስትመለስ በየመታጠፊያው ሊነግሯት ይገባል፤ ካልነገሯት እዚያው ቆማ ትቀራለች። ስለዚህ ጠጠሯን ጨብጬ፣ «ፉልሄንሲዮ፣ በሩ ይሄ ነው» አልኩ። «አሁን ሚኒባስ ላይ እንወጣለን። ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ።» ሰው ያየኛል፤ ይየኝ። በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩት። ሞተሩ ይንጫጫል፣ ሙቀት ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ስነቃ ቲኩል ገበያ ደርሰናል። ሳንታ ኤሌና መገንጠያው ላይ ምንም ሳልነግረው ታጥፈናል። ተነሳሁ።

«የት ነው ዶኛ? ኦሽኩትዝካብ ገና ነው እኮ» አለ ሹፌሩ።

«ባሌን መገንጠያው ላይ ትቼው መጣሁ።»

ሹፌሩ የኛው አገር ሰው ነው፣ አልሳቀም። «ቶሎ ይበሉ እንግዲህ» አለኝ። «እዚያ ጥላ የለም።»

በሌላ መኪና ተመለስኩ። መገንጠያው ላይ ሰው የለም። አቧራና አንድ የታጠፈ የመንገድ ምልክት ነው ያለው።

«ፉልሄንሲዮ» አልኩ። «በዚህ በኩል ነው። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው።»

በሕይወት እያለም ሲያኮርፍ አይመልስም ነበር። መጥቶ አጠገቤ ይቁም አይቁም አላወቅኩም፣ ደረቴም እንደጠዋቱ ነው፣ ምንም የለበትም። እጄን ወደ ቲኩል ዘርግቼ እንደገና ነገርኩት። ሚኒባሱ ቶሎ አልመጣም። ቆመን ጠበቅን።