የይቅርታው ድንጋይ

መርሻ የሚስቱን የእንቁን ሁለት ጣቶች በወርቅ መሥሪያ መዶሻው ሲሰብር የዶሮ ማነቂያ ሰፈር በሙሉ ሰምቷል። ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት በነበረው ክረምት ነው፤ እሑድ ከሰዓት። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ እዚህ ቤት ሲያስነጥሱ እዚያ ቤት "ይማርህ" ይባላል። ያን ቀን ግን ሁሉም ደንቆሮ ሆነ። በባልና ሚስት መሃል ማን ይገባል? አቶ እምሩም ሰምተዋል። የዕድሩ ዳኛ እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን ያስጥላሉ፣ ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ። ጩኸቱ እስኪያልቅ የራዲዮናቸውን ድምፅ ከፍ አደረጉ።

እንቁ ጣቷን በፋሻ አስጠቅልላ ወደ ሥላሴ አቅጣጫ ሄደች። እዚያ በመንግሥት በጀት የሚሠራ፣ ለተደበደቡ ሴቶች በነጻ ጠበቃ የሚያቆም ቢሮ ነበር። ዊንታ የምትባል ጠበቃ ፍቺ እንድትጠይቅላትና የመርሻ እህት ወስዳ የያዘችባትን ልጇን ኢየሩስን እንድታስመልስላት ተስማሙ። እንቁ ስንት ዘመን ሰብራው የኖረችውን አንገቷን ቀና አደረገች። ከፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በፊት ግን የቢሮው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ በጀት ስላልተለቀቀ አገልግሎቱ ለጊዜው ተቋርጧል ይላል። ለጊዜው! የዚህ አገር "ለጊዜው" ሲያልቅ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። የመርሻ ጡጫ በጀት እስኪለቀቅ አይጠብቅም።

በዚህ ጊዜ ነው አቶ እምሩ ቤት የመጣችው።

"ጋሼ፣ ዕድሩ ጠበቃ ይያዝልኝ።"

"ልጄ፣ ዕድር እኮ ለቀብር ነው።"

"ሳልቀበር የመጣሁት ለዚያ ነዋ።"

ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። "ጠበቃ ትዳር ያፈርሳል እንጂ አያቃናም። ፍልሰታ ሳይገባ እኔው አስታርቃችኋለሁ" አሏት። እንቁ ሌላ የምታንኳኳው ደጅ አልነበራትም። እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌዎቹ አቶ እምሩ ግቢ ተቀመጡ። ወጉ የታወቀ ነው፤ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳይ እግር ሥር ይንበረከካል፣ ተበዳይ "ይቅር ለእግዚአብሔር" ሲል ድንጋዩ ይወርዳል። ብልጣብልጡ የዳቦ ቁራሽ የምታህል ጠጠር ይፈልጋል። አቶ እምሩ ግን በወግ ቀልድ አያውቁም። የግቢያቸውን በር ደግፎ የሚይዘውን ጥቁር ድንጋይ ራሳቸው አንስተው መርሻ ማጅራት ላይ ጫኑ።

"ከበደህ?"

"ይክበደኝ፣ ጋሼ" አለ መርሻ፤ እንባውም ዱብ ዱብ አለ። የአቶ እምሩ ልብ ቅቤ ጠጣ።

እንቁ የተንበረከከውን ባሏን ቁልቁል አየችው። "ለእግዚአብሔር ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ቤትህ አልመለስም። ልጄን ስጠኝና እንፋታ።"

መርሻ ተነሳ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከማጅራቱ ሲያወርድ ሽማግሌዎቹ መሬት ሊያስቀምጠው መሰላቸው። ፊቷ ላይ አወረደው። የጉንጯ አጥንት እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ከወደቀችበት ሳትነሳ ደገማት፤ ትከሻዋ ረገበ። አቶ እምሩ ክንዱ ላይ ሲንጠለጠሉ በክርኑ አፋቸውን አላቸው፤ ሁለት ጥርሳቸውን ከደም ጋር ተፉ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ወንበራቸውን ይዘው ቀሩ። ሦስተኛውን ምት ያስቀሩት የአቶ እምሩ ሚስት ወይዘሮ አልጋነሽ ናቸው። ዘነዘናቸውን ይዘው ከጓዳ ወጡና ጉልበቱን አሉት፤ ድንጋዩ ከእጁ አመለጠ።

"መንበርከክ ማለት አሁን ነው!" ብለው ደገሙት።

እንቁ ተረፈች፤ ግራ ዓይኗ ግን አልተረፈም። መርሻን ፖሊስ ቢወስደውም በዋስ ወጣ፤ ወጥቶም ጠበቃ ቀጠረና "የልጄ አሳዳጊ እኔ ነኝ" ብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። አቶ እምሩ ሆስፒታል ሲሄዱ ዊንታን አልጋው አጠገብ አገኟት። ቢሮው እንደተዘጋ ነው።

"አሁን በግሌ ነው የምሠራው፣ አባባ" አለች ዓይኗን ሰብራ። "የምችለውን ያህል እቀንሳለሁ። በነጻ ግን አልችልም፤ የምኖረው በዚሁ ነው።"

እንቁ በፋሻው ሥር በቀረው ዓይኗ አቶ እምሩን አየቻቸው። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ እያሉ ቤታቸው ገቡ።

በዕድሩ ስብሰባ ቀን ዕድሩ ለእንቁ የጠበቃ ገንዘብ ያውጣ ብለው ነገሩን አነሱት። ገንዘብ ያዡ አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን ከፍ አደረጉ።

"ደንቡ የሚለው ሞት ነው። ሞታለች እንዴ?"

"ትንሽ ቀርቷት ነበር።"

"ትንሽ መቅረት ደንቡ ውስጥ የለም፣ አቶ እምሩ። እርስዎ ራስዎ ያጸደቁት ደንብ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ብትሞት ኖሮ ድንኳኑ ይጣል፣ ጡሩምባው ይነፋ፣ ንፍሮው ይቀቀል ነበር፤ ያ ሁሉ ሕዝብም ደረቱን ይደቃ ነበር። በሕይወት በመገኘቷ ግን የሚሰጣት አልተገኘም። አቶ እምሩ ከወንበራቸው ተነሱ።

"እንግዲያውስ የእኔን ቀብር ስጧት!"

"ምን አሉ?"

"ለእኔ ሞት የምታወጡትን ዛሬ ለእሷ አውጡ። ስሞት ድንኳን አትጣሉልኝ፣ ጡሩምባም አታስነፉልኝ። ስሜን ሰርዙት።"

 በዚያ ሰፈር ያለ ዕድር መቀበር ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ከኋላ ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

"የእኔንም ሰርዙት። እሱ ያለ ለቀስተኛ ሲቀበር እኔ ድንኳን ውስጥ ምን ላደርግ?"

ዕድሩ የሁለቱን የቀብር ገንዘብ አወጣ፤ ዊንታም ተቀጠረች። ከፍርድ ቤቱ ቀጠሮ በፊት አቶ እምሩን ጠርታ፣ ያዩትን እንዲመሰክሩና ፖሊስ ያልወሰደውን ድንጋይ ይዘው እንዲመጡ ነገረቻቸው። ወይዘሮ አልጋነሽ ታክሲ እንጥራ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ደሙ የደረቀበትን ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው፣ በከዘራ እየተደገፉ፣ በወርቅ ቤቶቹ በኩል ፒያሳን ማቋረጥ ጀመሩ። ሰው መንገድ እየለቀቀ ቆሞ ያያቸዋል። የመርሻ ጓደኞችም በየደጃፉ ቆመዋል። አንዱ አንጥረኛ ወግ የሚያውቅ ነበርና ደንግጦ ተጠጋቸው።

"ጋሼ እምሩ! በዚህ ዕድሜዎ? ማንን በድለው ነው?"

"እንቁን" አሉት፤ ድንጋዩንም ሳያወርዱ ወደ ፍርድ ቤቱ ቀጠሉ።