የወጌሻው ጉልበት

አያ ደምለው ታኅሣሥ ላይ ከጤፍ ክምር ወድቆ ጭኑ ሲሰበር፣ መጀመሪያ ያደረገው ስብራቱን በገዛ እጁ መዳሰስ ነበር። ሠላሳ ዓመት በቁይ ከተማ ዙሪያ የተሰበረ ሲያስር፣ የወለቀ ሲመልስ የኖረ ወጌሻ ነውና ጣቶቹ ወዲያው ነገሩት።

«ይኼ በቀርከሃ አይታሰርም፤ ደብረ ማርቆስ ውሰዱኝ» አለ።

በቃሬዛ አውጥተው በመኪና ወሰዱት። ሐኪሞቹ አጥንቱ ውስጥ ብረት አስገቡለት። ሲያሰናብቱትም በክራንች እየተደገፈ እንዲንቀሳቀስ፣ ጉልበቱን እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ፣ በሁለት ሳምንቱም ለፊዚዮቴራፒ እንዲመለስ ነገሩት።

አልተመለሰም። ለሰው ሲያዝ የኖረውን ለራሱ አዘዘና እግሩን ዘርግቶ ተኛ። የተሰበረ ካልነቀነቁት ይገጥማል፤ የሚያውቀው ይህንን ነው። ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ። ሕመሙ ቀስ በቀስ ሲተወው ሌላውም ነገር አብሮ ተወው። ልጁ የብርጓል፣ «በጓ መንታ ወለደች» ብትለው፣ «እገሌ አረፈ» ብትለው፣ መልሱ አንድ ነው፤ ዝም። እጁ የተሰበረ ሰው ደጁ ሲመጣ «ጤና ጣቢያ ውሰዱት» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሐዘን እንዳይባል ሐዘን ይታወቃል። ይኼ ምንም አልነበረም።

መጋቢት ሲገባ ልነሣ ቢል ጉልበቱ እንደ ሞፈር ቀጥ ብሎ ቀረ። የብርጓል ሳትጠይቀው ሚኒባስ አሳፈረችው።

የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ባለሙያ ወንጌላዊት የምትባል ወጣት ነበረች። አልጋ ላይ አስተኝታ ጉልበቱን ለካችው።

«አባባ፣ አጥንትዎ ደህና ገጥሟል» አለችው። «ያስቸገረዎት ሥጋውና ጅማቱ ነው። ሳይንቀሳቀስ ሲቆይ ይደርቃል፣ ጡንቻውም ይሰልላል።»

በሞቀ ፎጣ ጠቅልላ ካቆየችው በኋላ ቀስ እያለች ማጠፍ ጀመረች። ደምለው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«ሲያምዎት ይንገሩኝ። ዝም ካሉኝ እጄን የት ላይ እንደማቆም አላውቅም።»

«ያማል» አለ።

«እዚህ ላይ?»

«እዚያው ላይ።» ቆይቶም «ክርንም እንዲህ ይደርቃል?» ሲል ጠየቃት።

«ክርንማ ይብሳል። ረጅም ጊዜ ታስሮ ከቆየ ቶሎ እሺ አይልም።»

ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ የሚያስበው የአካባቢውን ገበሬ አምሳሉን ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት የተሰበረ ክርኑን ሦስት ወር ሙሉ አጥብቆ አስሮለት ነበር። ሲፈታው ክንዱ አልታጠፍ አለ፤ አምሳሉም በግራ እጁ መብላት ለመደ። ያን ጊዜ «እግዜር ያለው ነው» ብሎ ነበር ያጽናናው። አሁን ማፈር እንዳለበት ገባው። መንገደኛ እንደሚጠብቅ ሰው ኀፍረቱን ጠበቀው፤ አልመጣም።

በሳምንት ሁለት ቀን ይመላለስ ጀመር። ቤት ደግሞ መደብ ላይ ተቀምጦ ተረከዙን ወደ ኋላ ይስባል፣ መቃኑን ይዞ ቁጭ ብድግ ይላል፤ የብርጓል ትቆጥርለታለች። ሰኔ ሲገባ ጉልበቱ በርጩማ ላይ ለመቀመጥ ያህል ታጠፈ።

አንድ ጧት በትሩን ይዞ ብቻውን ወደ አምሳሉ ቤት ሄደ። የግማሽ ሰዓቱ መንገድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀበት። አምሳሉ ደጁ ላይ ቀንበር እየጠገነ ነበር።

«ይግቡ እንጂ፣ አያ ደምለው።»

«ክንድህን ስጠኝ» አለውና ዳሰሰው። «ቶሎ ፈትቼ እንድታንቀሳቅሰው ማድረግ ነበረብኝ። ያደረቅሁት እኔ ነኝ እንጂ እግዜር አይደለም።»

አምሳሉ ቀንበሩን አስቀመጠ።

«አሁን ይመለሳል?»

«ጉልበቴን የምታሠራልኝን ልጅ ጠይቄያት ነበር። እንደ ድሮው አይሆንም፣ ትንሽ ግን ሊላቀቅ ይችላል፣ ይምጣና ልየው አለችኝ።»

«በግራ መብላቱን እንኳ ለምጄዋለሁ» አለ አምሳሉ። ከዚያም፣ «ቀጠሮዎ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ።»

እመጣለሁም አልመጣምም አላለውም። ማክሰኞ ግን ሚኒባሱ ጋ ቀድሞት ቆሞ ነበር።

ክረምቱን አብረው ተመላለሱ። ደምለው በመካከሉ እጁ የተሰበረ ሁሉ ሲመጣበት እንደ ድሮው አላስርም አለ፤ መጀመሪያ ለሐኪም እንዲያሳዩ ይልካቸዋል፤ ሐኪም ፈትቶ አንቀሳቅሱ ካላቸው በኋላ ጣቶቻቸውንና ክርናቸውን እንዴት እንደሚያሠሩ ያሳያቸዋል። ጳጉሜን ላይ የአምሳሉ ቀኝ እጅ አገጩን ነካ፤ አፉ ጋ አልደረሰም። ወንጌላዊት ለካችና መዝገቧ ላይ ጻፈች። አምሳሉም ወደ ደምለው ዞሮ ክንዱን አሳየው።

ደምለው ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለኝ ሊል አሰበና ደስታውን ቢፈልገው አላገኘውም። ተራው ደርሶ ስለነበር በትሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አልጋው ላይ ወጣ።